የሽንኩርት ተራ ተጧሪዎች

ሻሼን በአዳማ ሽንኩርት ተራ የማያውቃት የለም። የአይሱዙ ሾፌሩ ያውቃታል፤ ጫኝና አውራጁ ያውቃታል፤ ከወንጂና ከመልካሳ ማሳ ሽንኩርት አስጭኖ የሚመጣው ነጋዴም ከመኪናው ሲወርድ መጀመሪያ በዓይኑ የሚፈልገው ሚዛኑን ሳይሆን እሷን ነው። ሳያውቃት የቀረው መዝገብ ብቻ ነው።

ሥራዋ ጆንያ መስፋት ነው። የተቀደደውን ትጠግናለች፤ የሞላውን አፉን ትዘጋለች፤ በሁለቱ ማዕዘን ጫኙ ጨብጦ የሚያነሣው ጆሮ ታወጣለታለች። ይኼ ጆሮ የሚሉት ነገር ሲያዩት ማንም የሚሠራው ይመስላል። እሷ የሰፋችው ጆንያ ግን አዲስ አበባ ደርሶ እስኪራገፍ አንድ ራስ ሽንኩርት አያፈስም፤ ያልለመደ ሰው የሰፋው ሞጆን ሳያልፍ አስፋልቱን ሽንኩርት በሽንኩርት ያደርገዋል።

እንዲህ ስትሰፋ ሃያ ሁለት ዓመት ተቀምጣለች። የምትቀመጥበትን ጥላ የቀለሱት ጫኞች ናቸው፣ በባሕር ዛፍ እንጨትና በአሮጌ ቆርቆሮ፤ የአዳማ ነፋስ ሲነሣ ቆርቆሮው ከሴቶቹ በላይ ያወራል። ሥሩ አሥራ አራት ሴቶች ይቀመጣሉ። ከሁሉም ልጅ የምትባለዋ ስልሳ ስድስት ዓመቷ ነው፤ "አንቺ ልጅ" እያሉ ውኃ የሚልኩት እሷን ነው። የሻሼ መታወቂያ ሰባ አንድ ይላል። ያንንም የቀበሌው ጸሐፊ ፊቷን አየት አድርጎ የሞላው ስለሆነ "የዕለቱን ድካሜን አይቶ ነው የጻፈው" ትላለች።

አሥራ አራቱም ሴቶች ጧሪ አላቸው። እዚያ ጥላ ሥር ከሽንኩርት ቀጥሎ የሚበዛው ጧሪ ልጅ ነው። አንደኛዋ ክሩን በጥርሷ እየቆረጠች ልጇ ምንም እንዳላጎደለባት፣ እጇ ሥራ እንዳይፈታ ብላ ብቻ እንደምትመጣ ትናገራለች። ሌላዋ የእሷው ልጅ አርፋ እንድትቀመጥ በየቀኑ እንደሚለምናት፣ እሷ ግን ቤት ሲውሉ ጉልበት ይይዛል ብላ እንቢ እንዳለችው ታወራለች። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ወልዳ አሳድጋ የሚጦራት ያጣች እናት የምታዝነው ለሆዷ አይደለም። ሰው "ምን ዓይነት ልጅ ብታሳድግ ነው" ይላል፤ ስድቡ ዞሮ ዞሮ ለእሷው ነው። ስለዚህ በዕድሩም፣ በጸሎት ቤቱ ደጃፍም፣ በውኃ ሰልፍም ላይ ሁሉም ተጧሪ ነው። ሻሼ ደግሞ ከሁሉም ትብስ ነበር። ከዋሹ አይቀር አሳምሮ መዋሸት ነው ባይ ናትና ልጇን በዕድሩ ፊት ስታሞግሰው ሊቀ መንበሩ እንኳ ይቀና ነበር።

እንግዲህ ጧሪው መርዳሳ ነው። ዕድሜው አርባ ስድስት። ከስድስት ዓመት በፊት ዱከም ፋብሪካ ይሠራ ነበር፤ አንድ ቀን ተቆጣጣሪው ስለተናገረው ጥሎ መጣ። ከዚያ ወዲህ ሥራው ድለላ ነው። በሁለት እጁ ሁለት ስልክ ይዞ ባጃጅ ተራው አጠገብ ካለች ካፌ ይቀመጣል፤ አንዲት ማኪያቶ ጠርቶ እስከ ስድስት ሰዓት ያሟሟታል። ዛሬ አንድ ቤት ሊያሻሽጥ ነው፤ ነገ አንድ መኪና ሊያሻሽጥ ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። በዚያ በአዳማ ሙቀት የቆዳ ጃኬት ይለብሳል፤ ላቡ ሲንቆረቆር ያየው ሰው ሲሠራ የዋለ ይመስለዋል። ሚስቱ ትታው መተሐራ ከገባች ቆይታለች። ልጁ ኦብሴ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ፣ ያን ቀሚስና ቆብ ለብሳ ፎቶ ተነሥታ፣ ፎቶው ሳሎን ተሰቅሎ እሷም ከፎቶው ሥር ተቀምጣ ሁለት ዓመት ሆናት። ሦስቱንም የምታበላቸው የሻሼ መርፌ ናት።

አንድ ቅዳሜ ሻሼ ሽንኩርት ተራ እያለች የሥራ ሁኔታ መዝጋቢ ወደ ቤቷ መጣ። ያቤጽ የሚባል ጨዋ ልጅ ነው፤ ምሕንድስና ተምሮ ለሃያ ቀን ሰው ቁጠር ተብሎ የተቀጠረ። ቆጥሮ የጨረሰ ዕለት እሱ ራሱ ሥራ ፈት ይሆናል። ታብሌቱን ጭኑ ላይ አድርጎ የቤቱን ኃላፊ ጠየቀ፤ መርዳሳም እኔ ነኝ ብሎ ጃኬቱን ዘጋ። ባለፉት ሰባት ቀናት ለአንድ ሰዓት እንኳ ገቢ ያለው ሥራ ሠርተዋል ወይ ሲባል፣ ስለ አንዲት ቪትዝ መኪና በስልክ አንድ ሰዓት አውርቶ ነበርና ሠርቻለሁ አለ። መኪናዋ ባትሸጥም ወሬዋ ተቆጠረችለትና ሠራተኛ ሆነ። ኦብሴ ሥራ ፈላጊ ተባለች። ስለ እናቱ ሲጠየቅ መርዳሳ እንደ መቆጣት አለ። እናቱ እንደማትሠራ፣ እሱ እንደሚጦራት፣ እግሯን ሲያማትም በየወሩ ሶደሬ ፍል ውኃ እንደሚወስዳት አስረዳ። ያቤጽ ጻፈ። ሲጽፍ የጠጣው ሻይ ስኳሩ ከሻሼ ጆንያ የመጣ ነው፤ ታብሌቱ ግን ስኳር ከየት እንደመጣ አይጠይቅም።

ማታ ኦብሴ ይህን እየሳቀች ስትነግራት ሻሼ አልተቆጣችም። እውነቱ ይነገር ከተባለ ደስ አላት። የሶደሬዋማ በጣም ደስ አለቻት። በሳምንቱ ለዕድሩ ሴቶች ራሷ ጨምራበት አወራችው፤ ከፍል ውኃው በኋላ ዓሣ እንደሚያበላትም ተናገረች።

ከሦስት ወር በኋላ፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ አቶ ወዬሳ የሚባል የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሰው ጥላው ሥር መጥቶ አንድ ሰፊ ወረቀት እንጨቱ ላይ ለጠፈ። ወጣት ነው፤ ሸሚዙ ከሱሪው አልወጣም፣ ሰላምታውም አልጎደለም። ጥላው ፈርሶ በቦታው የብሎኬት ሼድ እንደሚሠራ፣ ሼዱም ለተደራጁ አምስት ወጣቶች እንደሚሰጥ በትሕትና ነገራቸው። ሴቶቹ መርፌያቸውን እንደያዙ አዩት።

"እኛስ?" አለችው ሻሼ።

"እማማ፣ እዚህ ቦታ የሚሠራ ሰው እንደሌለ ነው ጥናቱ የሚያሳየው።"

"ታዲያ አንተ አሁን ከማን ጋር ነው የምታወራው?"

አቶ ወዬሳ ፈገግ አለ። ሰው ክፉ ሳይሆን ሲቀር የበለጠ ያናድዳል። እሱ የሚያየውን ሳይሆን የተመዘገበውን ነው የሚሠራበት። የአሥራ አራቱም ስም በየቤታቸው መዝገብ ላይ "የማይሠሩ፣ በልጅ የሚጦሩ" ተብሎ ሰፍሯል። በመዝገቡ አንዲት ሰው እንኳ እዚህ እንደምትሠራ ቢገኝ ኖሮ ቦታው ባዶ አይባልም ነበር። ስህተት አለ የሚል ካለ በሚቀጥለው ዓርብ እስከ ስድስት ሰዓት የቤቱ ኃላፊ ራሱ ቀርቦ ያርም። ይህን ብሎ በባጃጅ ሄደ።

ምሳ ይዛ የመጣችው ኦብሴ ወረቀቱን አነበበችላቸው። በዕድሜና በጾታ ተከፋፍሏል፤ በአንድ በኩል ያለው የዛሬ አምስት ዓመቱ ነው፣ በሌላው በኩል የዘንድሮው። በሠፈራቸው ከሠላሳ እስከ ስልሳ አራት ዓመት ካሉት ወንዶች ድሮ ከመቶ ሰባ ሁለቱ ሠራተኛ ነበሩ፤ አሁን ዘጠና አንዱ።

"በየት በኩል ነው የሠሩት?" አለች ሻሼ። "እኔ እንኳ ሲሠሩ ያየሁት ማኪያቶውን ነው።"

ኦብሴ ቀጠለች። ሴቶች፣ ከስልሳ አምስት በላይ፤ ድሮ ከመቶ አሥራ አንድ፤ አሁን ዜሮ።

ቆርቆሮው ብቻ አወራ። የዛሬ አምስት ዓመት ጥላው ሥር ዘጠኝ ነበሩ፤ ዛሬ አሥራ አራት ናቸው። ኑሮው በከበደ ቁጥር አንዲት ስትጨመር ነው የኖረው። በወረቀቱ ላይ ግን በበዙ ቁጥር አለቁ። ሻሼ ቆይቶ ነው የገባት። ያን ጊዜ የመጣችው ቆጣሪ እዚሁ ጆንያው ላይ ተቀምጣ ራሳቸውን ጠይቃ ነበር፤ እነሱም ለማታውቃቸው ሴት የሚዋሹበት ምክንያት ስላልነበራቸው እውነቱን ተናግረዋል። ዘንድሮ የተጠየቁት ልጆቻቸው ናቸው። ድሮ ሥራ የለኝም ይል የነበረ ወንድ ደግሞ አሁን ስልክ ስላለው ደላላ ነኝ ይላል። እንዲህ ነው ወንዱ የበዛው፣ ሴቲቱ የጠፋችው።

"ሳንሞት ቀበሩን" አለች። "ያውም በገዛ ልጆቻችን አካፋ።"

አንዲት ሰው ብቻ ነው የምታስፈልገው። የአንዷ ልጅ ጽሕፈት ቤት ሄዶ እናቴ ሠራተኛ ናት፣ አልጦራትም ካለ አሥራ አራቱም ይተርፋሉ። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከሻሼ አጠገብ የምትቀመጠው ጉዲቱ ልጇ ሽማግሌ ተብሎ ሰው የሚያስታርቅ እንደሆነ፣ ይህን ቢናገር ማን እንደሚሰማው ጠየቀች። ሌላዋ የልጇ ሠርግ ደርሷል። ሌላዋ ልጇ ጸሎት ቤት ያገለግላል። እያንዳንዷ ምክንያት ነበራት፤ ምክንያቱም ሁሉ እውነት ነበር። ክሩን የሚያጠብቁ እጆች ሁሉ ወደ ሻሼ ዞሩ ባይባልም፣ ዓይኖቹ ዞረዋል። እሷም አየቻቸው። ጥላው ከፈረሰ በዚህ ዕድሜዋ የሚቀጥራት የለም፤ ቤቷም ባዶ ይሆናል።

የዚያን ዕለት ወደ ቤት ስትገባ ለመርዳሳ ነገረችው። አልተቀመጠም።

"በሰው ፊት እናቴን ሽንኩርት ተራ አስቀምጫለሁ ልበል?"

"አንተ አላስቀመጥከኝም። ራሴ ነኝ የተቀመጥኩት።"

"እማዬ፣ ሰው ምን ይለኛል? ነገ ማን ቤት አሻሽጥልኝ ይለኛል?"

"ዛሬስ ማን አለህ?"

ይህቺ ጠለቅ ብላ ገባች መሰለኝ፣ ቀጣዩ ምዝገባ እስኪመጣ እንድትታገሥ ነገራትና ወደ ውጪ ሊወጣ በሩን ያዘ። ቀጣዩ ምዝገባ ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። ሻሼ ልጇን ከላይ እስከ ታች አየችው። "እሺ" አለች። ሻሼን የሚያውቅ ሰው እሺ ስትል ይሸሻል። እሱ ግን ተመስገን ብሎ ሄደ።

በማግሥቱ ዓርብ እንደ ልማዷ ከሌሊቱ በአሥራ አንድ ተኩል አልተነሣችም። ሁለት ሰዓት ላይ ታጥባ፣ ለበዓል የምታወጣውን ነጠላ አጣፍታ፣ የፕላስቲክ ወንበሯን ደጃፉ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። መርዳሳ ሲወጣ አገኛት።

"ምነው? አሞሽ ነው?"

"ምን አመመኝ። እየተጦርኩ ነው።"

እንደ ቀልድ አለፈው። ለምሳ ሲመለስ ምሳ የለም። ኦብሴ ወንበር ስባ አያቷ አጠገብ ተቀምጣ ትታጠባለች፤ ፀጉሯን። እናቱ ቁርስ እንዳልመጣላት፣ ተጧሪ ሰው ደግሞ ቁርሱን ሻይ በወተት እንደሚያደርግ፣ ምሳ ላይም ለጥርሷ የሚስማማ ቀለል ያለ ሾርባ ብታገኝ እንደማትጠላ በጨዋ አንደበት ነገረችው። የቤቱ ኃላፊ ሱቅ ሄዶ ዳቦ ይዞ መጣ።

ቅዳሜም እንዲሁ ሆነ። እሑድ ከጸሎት ቤት ሲመለሱ የዕድሩ ሴቶች ቆመው ሰላም አሏት። ሻሼም ልጇ ሥራ እንዳስተዋት፣ ሶደሬም ሊወስዳት እንዳሰበ፣ ቀኑን ብቻ እየጠበቀች እንደሆነ እሱ እየሰማ ነገረቻቸው። ሴቶቹ መረቁት። ምርቃቱ አናቱ ላይ እንደ ድንጋይ ሲወርድ ይታይ ነበር። ሰኞ አንዱን ስልክ ሸጠ። ሻይ በወተቱ መጣ፤ ሾርባውም መጣ። ሻሼ ቀመሰችና ጨው እንዳነሰው ተናገረች። ማክሰኞ ጉልበቷን የሚያሽ ሰው ፈለገች። ረቡዕ ጃኬቱን ሸጦ ሲመጣ ሸሚዙን ብቻ ለብሶ ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ አዳማ ሰው ለበሰ።

"አኮዬ፣ አሁንስ አላበዛሽውም?" አለቻት ኦብሴ አያቷን ረቡዕ ማታ።

"ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ይጦረኛል ስል ኖሬያለሁ። ሰባት ቀን ብሠራበት ምን ይለኛል?"

እንዲህ ትበል እንጂ ዓርብ እየቀረበ ነው። የጥላው ሴቶች በየማታው ብቅ እያሉ ሄደ ወይ ይላሉ፤ አልሄደም ስትላቸው ከንፈራቸውን መጠው ይመለሳሉ። አንዳቸውም ግን የኔን ልጅ ልላክ አላለችም። ልጅህ እንቢ ካለህ ደግሞ ምን ታደርገዋለህ? ጆንያ አይደል፣ አፉን ተርትረው ቃሉን አያወጡት።

ሐሙስ መርዳሳ ገና ጎህ ሲቀድ ወጣ። ወዴት እንዳለ አልተናገረም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲመለስ አንድ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ ትከሻው ላይ ቀይ የሽንኩርት ልጣጭ እንደተለጠፈ ነበር። መሬት ላይ፣ ከወንበሯ አጠገብ ተቀመጠ። ሽንኩርት ተራ ሄዶ ሲያወርድ እንደዋለ፣ ሁለተኛው መኪና ላይ ጉልበቱ እንደከዳው፣ ጫኞቹም የማን ልጅ እንደሆነ ሲያውቁ ቀለል ያለውን እንደሰጡት ቀስ በቀስ ነገራት። የሻሼ ልጅ ነው ተባብለው። የእናቱ ቦታ ላይ ማንም አልተቀመጠም፤ የምትቀመጥበት ጆንያ መሀሉ ጎድጉዶ የሰው ቅርፅ ይዟል።

"እኔ እኮ በዚያ በኩል አላልፍም" አለ። "ካፌ ስሄድ በባጃጅ ተራው ዞሬ ነው የምሄደው።"

"አውቃለሁ።"

"ታውቂያለሽ?"

"ጫማህን ነው የማየው። የሽንኩርት ተራ ጭቃ ነክቶት አያውቅም።"

ሻሼ ይህን ስትል ድምፅዋ ያልጠበቀችውን ያህል ለሰለሰባት፤ ተናደደች፤ ዳቦውን አቀብለኝ ብላ አለፈችው። ሁለቱም ከዚያ በኋላ ስለ ጽሕፈት ቤት አላነሡም። ዓርብ ጠዋት ግን መርዳሳ ታጥቦ፣ ተላጭቶ፣ በሸሚዙ ብቻ በር ላይ ቆሞ ሲጠብቃት አገኘችው።

ጽሕፈት ቤቱ ሰልፍ ነበረው። ከሰልፉ መሀል ደግሞ የካፌ ጓደኛው ፍሬዘር ቆሟል፤ ሊያድስ የመጣው ምን እንደሆነ አይታወቅም፣ ዓይኑ ግን ሥራ አልፈታም። መርዳሳ ሲያየው ጆሮው ቀላ። ተራቸው ደርሶ አቶ ወዬሳ ኮምፒውተሩን ወደ ራሱ ሲያዞር መርዳሳ ጎንበስ ብሎ የሆነ ነገር አንሾካሾከ።

"አልተሰማኝም፤ ጮክ ይበሉ" አለ አቶ ወዬሳ።

መርዳሳ ቀና አለ። "እናቴ ሠራተኛ ናት። ሽንኩርት ተራ ጆንያ ትሰፋለች። ቤቱን የምትይዘው እሷ ናት። እኔ አይደለሁም የምጦራት፣ እሷ ናት እኔን የምትጦረኝ።"

ፍሬዘር ስልኩን ትቶ ቀና አለ። ሻሼ ከኋላ ሆና የልጇን ማጅራት ታያለች፤ ላቡ በአንገቱ ወርዶ ኮሌታው ውስጥ ገባ። ስንት ቀን ሙሉ ስትጠብቀው የነበረው ቃል ይኸው ተነገረ፤ ሲነገር ግን እንደ ጆንያ መርፌ መዳፏን ወጋት። የሃያ ሁለት ዓመት ውሸቷ በአንድ ጊዜ ራቁቱን ቆመ። ያም ሆኖ አንገቷን አልደፋችም፤ ሰው ቢስቅ ማን እንደሳቀ ለማየት ዞር ብላ ሰልፉን ቃኘችው። የሳቀ የለም።

አቶ ወዬሳ ጻፈ። ከዚያ አዲስ ሲሞላ ጥያቄው ከመጀመሪያው እንደሚጀምር ተናገረና መርዳሳን ባለፉት ሰባት ቀናት ለአንድ ሰዓት ሠርቶ እንደሆነ ጠየቀው። መርዳሳ ትናንት ሙሉ ቀን ሽንኩርት እንዳወረደ ነገረው። በስድስት ዓመት ውስጥ ያለ ውሸት ሠራተኛ ተብሎ ሲመዘገብ የመጀመሪያው ነበር።

"እማማ፣ እርስዎስ ባለፉት ሰባት ቀናት ለአንድ ሰዓት እንኳ ሠርተዋል?"

ሻሼ በጣቷ ቆጠረች። ካለፈው ዓርብ እስከ ትናንት ሐሙስ ሰባት ቀን ነው። ሰባቱንም ቀን ነጠላ አጣፍታ ተቀምጣለች። ለልጇ ያጠመደችው ወጥመድ ተመልሶ የራሷን እግር ያዘ፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው። ሠርቻለሁ ብትል ማን ያውቅባታል? ስንት ዓመት ስትሠራ አልሠራም ያለች ሴት አንድ ቀን ሳትሠራ ሠራሁ ብትል ምድር አትሰነጠቅም። ግን መርዳሳ አጠገቧ ቆሟል፤ ላቡ ገና አልደረቀም። እሱ እውነቱን በተናገረበት ቆማ እሷ ልትዋሽ አልሆነላትም።

"አልሠራሁም" አለች።

የአቶ ወዬሳ ጣት ቆመ። "አንድ ሰዓትም?"

"ግማሽም።"

"እንግዲያማ እማማ፣ ሠራተኛ አይደሉም ነው የሚለኝ።"

ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ለስድስት ሩብ ጉዳይ ይላል። መርዳሳ ፊቱ ነጣ። ሻሼ ግን ሽንኩርት ተራ ከነጋዴና ከደላላ ጋር ስትከራከር የኖረች ናት፤ የመጀመሪያው ዋጋ ዋጋ እንዳልሆነ ታውቃለች።

"ከዚያ ቀጥሎ ምን ይላል?" አለችው። "ጥያቄው እዚያ ላይ ነው የሚያልቀው?"

አቶ ወዬሳ ወደ ታች ወረደ። ቅንድቡን ሰበሰበ። "ለጊዜው የቀሩበት፣ ነገር ግን የሚመለሱበት ሥራ አለ ወይ ይላል።"

"አለኝ። ሰኞ በአሥራ አንድ ተኩል እመለሳለሁ።"

"የቀሩበት ምክንያት ይላል። ሕመም፣ ወሊድ፣ ፈቃድ..."

"ወሊድ ብለህ ብትጽፍ አለቆችህ ያምኑሃል?"

አሁን ሰልፉ ሳቀ። አቶ ወዬሳም ሳቁን ዋጥ አደረገ። "እውነት ምን ሆነው ቀሩ?"

ሻሼ ልጇን አየችው። ጃኬት የለውም፤ አንድ ስልኩ የለም፤ ወገቡን እንደያዘ ነው።

"ልጄ እየጦረኝ ነበር" አለች። "ሰባት ቀን ሙሉ።"

አቶ ወዬሳ አሰበ፣ አሰበናም ፈቃድ የሚለውን ነካው። ፈቃድ ምን እንደሆነ ጠየቀችው። ሠራተኛ ሲያርፍ ቦታው የሚጠበቅለት ማለት እንደሆነ ነገራት።

"እሱ ነው" አለች። "እሱን ጻፍ።"

ሲወጡ መርዳሳ አንድ እርምጃ ቀድሟት ሄደ። ፍሬዘር ከኋላቸው የሆነ ነገር ብሎ ሲስቅ ተሰማ። መርዳሳ አልዞረም። ሻሼ ዞረችና ፍሬዘርን ልክ እንደ ላላ ስፌት አየችው፤ ሳቁ መሀል ላይ ተቋረጠ።

ጥላው አልፈረሰም። አምስቱ ወጣቶች ሌላ ቦታ ተሰጣቸው አሉ፤ ያንንም አይተውት ይሁን አይሁን እንጃ፣ ሽንኩርት ተራን እንኳ መጥተው አይተውት አያውቁም ነበር። መርዳሳ በሳምንት ሁለት ቀን ያወርዳል፤ በቀሩት አምስት ቀናት ስለ ወገቡ ያወራል። የቀድሞ ጓደኞቹ "ጫኙ" ይሉታል፤ እሱም ካፌዋን ቀይሯል። እንጨቱ ላይ የታረመው ወረቀት ተለጥፏል። ሴቶች፣ ከስልሳ አምስት በላይ፣ ሠራተኛ፤ አንድ።

ሻሼ ሰኞ ጠዋት ቦታዋ ስትቀመጥ አሥራ ሦስቱም እግዜር ይስጥሽ አሏት፤ በአንድ ድምፅ፣ አጠር አድርገው። ከዚያ ሳምንት ሳይሞላ ግን ወሬው በዕድሩ ዞሮ ደረሳት። ምስኪን ሻሼ ይባላል። ሃያ ሁለት ዓመት ይጦረኛል ስትል ለካ ባዶ ነበር፤ ልጇ ራሱ በአደባባይ ተናገረባት። ከንፈር የሚመጡት ደግሞ በውኃ ሰልፍ ላይ የሚያገኟት ብቻ አይደሉም፤ በእሷ ስም በተረፈው ጥላ ሥር የተቀመጡትም ናቸው። ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው።

አንድ ጠዋት ጉዲቱ የመርፌዋን ቀዳዳ ወደ ፀሐይ እያየች ክር ስታስገባ ቆየችና ሳትጠየቅ ተነፈሰች።

"እኔማ ልጄ ይጦረኛል፣ ጌታ ይመስገን። እጄ እንዳይፈታ ብዬ ነው የምመጣው።"

ሻሼ ቀና ብላ አየቻት። አሥራ ሁለቱ መርፌዎች ቆሙ፤ ምን እንደምትል ሁሉም ጠበቀ።

"ያቆይልሽ" አለቻት ሻሼ። "በይ ክሩን ሳቢ፤ መኪናው ቆሟል።"